ቀይ ክር የታሰረባቸው ዛፎች

ታደለች በተቀበረች ቀን የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ስህተት ነበረበት።

የወላጆቿ አገር ጌጫ ላይ ነው። ጭጋጉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ወርዶ ከሰው ራስ በላይ ቆሟል። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ወረቀቱን ዘርግቶ የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ ያስተማረችበትን አነበበ። ቀጥሎም «ሁለተኛ ዲግሪዋን በጊዜው አጠናቃ» አለ። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። እኔ ቀና አልኩ። በጊዜው አላጠናቀቀችም፤ አንድ ዓመት ዘግይታለች። ለምን እንደዘገየች በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያም ሆኖ ዝም አልኩ።

ቀብር ላይ ተነሥቶ «ስህተት አለ» የሚል ሰው እንደ እብድ ይቆጠራል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ዝም ያልኩት ግን ለዚያ አልነበረም። እውነተኛውን ምክንያት ለመናገር ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

እኔ በልጅነቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አባቴ ከወሎ ይዞኝ ወደ ሚዛን ሲመጣ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ጫካ መመንጠርና ቡና መትከል ነው። ፊደሉን ከአንድ የመጋዘን ዘበኛ ለቃቀምኩ። ማንበቡን የተማርኩት ግን ሱቅ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው ሁልጊዜ የተቀደደ ስለነበር የጎደለውን ግማሽ ወሬ ከራሴ እየሞላሁ አነብ ነበር። ይህ ልማድ ጥበብ ይመስለኝ ነበር። ልጆቼንም «ሰው ሁሉ ነገር እስኪነገረው አይጠብቅም፤ የጎደለውን በራሱ ይሞላል» እያልኩ አሳደግኳቸው።

ታደለች ወደ ቤቴ የመጣችው በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከሚዛን በባጃጅ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ፣ ከዚያ በእግሯ ዳገቱን ወጥታ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት ናት። በእጇ ሦስት ፌስታል ይዛለች፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ገበያ የምትሄድ መስላኝ ነበር።

«ጋሽ ደምሴ እርስዎ ነዎት?» አለች።

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ቡናዎን ላጠና ፈልጌ ነው።»

«ቡናዬ ምን አጠፋ?»

ሳቀች። ስትስቅ የታችኛውን ከንፈሯን በእስክሪብቶ ክዳን ትጫነዋለች፤ በኋላ እንዳየሁት ሲጨንቃትም እንደዚያው ታደርጋለች። በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ለመለየት ዓይኗን ማየት ያስፈልጋል።

የመጣችበት ጉዳይ ይህ ነው። በእኛ አገር ክረምት ሲገባ ቡናን የሚያጠቃ በሽታ አለ። ገና ያልበሰለውን ፍሬ በነጥብ ይጀምረውና አጥቁሮ ያደርቀዋል። እኔ ከጎረቤቶቼ የምለየው የጠቆረውን ፍሬ እየለቀምኩ ከማሳ አውጥቼ በመቅበሬና የዛፉን ሥር በማጽዳቴ ነው። በዚህም የቀበሌው ሞዴል አርሶ አደር ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፤ በመስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። እሷ ማወቅ የፈለገችው ይህ ልፋት በእርግጥ ይጠቅማል ወይ የሚለውን ነው።

«ይጠቅማል እንጂ! ሠላሳ ዓመት የለፋሁት ለጨዋታ ነው?» አልኳት።

«እርስዎ ያውቁት ይሆናል። እኔ ግን አላየሁትም» አለች።

መልሷ አላስደሰተኝም። ቢሆንም ፈቀድኩላት። ሃያ ዛፍ መረጠች። ዐሥሩ ላይ ነጭ ክር፣ ዐሥሩ ላይ ቀይ ክር አሰረች። ነጩ ክር ያለባቸውን እንደ ልማዴ እንዳጸዳቸው፣ ቀዩ ክር ያለባቸውን ግን ፈጽሞ እንዳልነካ ነገረችኝ።

«የጠቆረውን ፍሬ ባይ እንኳ?»

«ቢያዩ እንኳ።»

«ሣሩስ?»

«ሣሩንም ይተዉት። እነዚህ ዐሥሩ ማንም የማይደርስላቸው ዛፎች ናቸው ብለው ያስቡ። ካልሆነ ከምን ጋር አነጻጽራለሁ?»

ባለቤቴ ወርቄ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «እሱ ሣር አይቶ ማለፍ ከቻለማ እኔ ዛሬ መነኩሴ ነኝ» አለች። ታደለች ቀልድ መሰላት።

ሦስቱ ፌስታሎች ምን እንደሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቢጫው ውስጥ የተማሪዎቿ ፈተና አለ፤ የምታርመው። ጥቁሩ ውስጥ የራሷ ትምህርት አለ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጎህ ሲቀድ በአውቶቡስ ጅማ ትሄዳለች፤ ቅዳሜና እሑድ ትማርና ሰኞ ተመልሳ ከሰዓት በኋላ ክፍል ትገባለች። ሰማያዊው ውስጥ የእኔን ዛፎች የምትመዘግብበት ደብተር አለ። ጅማ በማትሄድበት ቅዳሜ እኛ ዘንድ ትመጣለች። ሦስቱን በአንድ ቦርሳ የማትይዝበትን ምክንያት ወርቄ ጠይቃት «ከተቀላቀሉ እኔም እቀላቀላለሁ» አለቻት። ሕግ ነበራት፤ ቢጫው ክፍሏ ውስጥ ብቻ ይከፈታል፤ ጥቁሩ አውቶቡስ ላይ፤ ሰማያዊው ዛፍ ሥር። ዝናብ አስሯት ቤታችን ሦስት ሰዓት ስትቀመጥ እንኳ ቢጫው ሳይነካ ከጎኗ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ቀልድና ተግሣጽ ቀላቅዬ «ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል፤ አንቺ ሦስት ልትወጪ ነው» አልኳት።

«እኔ አንድም አልወጣሁም፣ ጋሽ ደምሴ። ከሥር ቆሜ ነው የምቆጥረው።»

«የአፍ ነገርሽን ተዪና አንዱን ተዪው።»

«የትኛውን?» አለች፤ አሁን ቀልዷን ትታለች። «ማስተማሩን ብተው ደመወዝ የለኝም። ኮርሱን ብተው ጥናቱ ዲግሪ አይሆንልኝም። ጥናቱን ብተው ደግሞ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ የማወራው ሌላ ሰው ያየውን ብቻ ነው። የትኛውን ልተወው? እርስዎ ይምረጡልኝ።»

ለልጆቼ ምክር መስጠት የሚቀለኝ መልሰው ስለማይጠይቁኝ እንደሆነ ያን ቀን ጠረጠርኩ።

አቆጣጠሯን ማየት ደስ ይል ነበር። መጀመሪያ ግንዱን በሁለት ጣቶቿ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ እንደ ሰው ቤት። ከዚያ ምልክት ያደረገችበትን ቅርንጫፍ ይዛ ፍሬውን አንድ በአንድ፣ ጤነኛውን ለብቻ፣ የታመመውን ለብቻ ትቆጥራለች። ከጅማ ተመልሳ ሳምንቱን ሙሉ አስተምራ የመጣችበት አንድ ቅዳሜ፣ ቅርንጫፉን እንደያዘች ግንዱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ወርቄ ነጠላዋን ልታለብሳት ስትጠጋ ባነነች።

«አርባ ሦስት ላይ ነበርሽ» አልኳት፤ ስትቆጥር እሰማት ስለነበር።

«እርስዎ ሰምተው ይሆናል። እኔ ግን አላየሁም» አለችና ቅርንጫፉን እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ተናደድኩ። ቃሌን ያላመነችኝ መሰለኝ። ያላመነችው እኔን ሳይሆን እንቅልፏን እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ሰኔ ሲገባ ሦስቱም ፌስታሎች አንድ ላይ ሞሉ። ተማሪዎቿ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና አላቸው፤ እሷም ጅማ ትፈተናለች። ሁለት ተራ ቀረች። ስድስት ሳምንት ገደማ ቀይ ክር ያለባቸውን ዛፎች የሚያይ ከእኔ በቀር አልነበረም።

እንዴት እንዳየኋቸው ልናገር። እናንተ የሚዛንን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ያድጋል አይባልም፤ ይነሣል። ከአንድ ወር በኋላ በጸዳው ማሳዬ መሐል እነዚያ ዐሥር ዛፎች ያልተላጨ ጢም መስለው ቆሙ። ፍሬው ጠቁሮ ቅርንጫፉ ላይ ደረቀ። የአጥር ጎረቤቴ ሽፈራው በየቀኑ ያልፋል። በየቀኑም አንድ ነገር ይላል።

«ደምሴ፣ ለዛፍም ጾም አወጅክ እንዴ?»

«የጥናት ነው፤ አርፈህ እለፍ።»

«የእኔም ማሳ እኮ ለካ የጥናት ኖሯል! ሃያ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ!»

ሚስቱ ሳትቀር ከአጥሩ ወዲያ ሳቀች። ሽፈራው ሰነፍ ነው። ሰነፍ ሲስቅብኝ ስሰማ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

በዚህ መሐል የግብርና ልማት ሠራተኛው መጥቶ፣ ከቱም አካባቢ አርሶ አደሮች ለመስክ ጉብኝት እንደሚመጡና የሚጎበኘው የእኔ ማሳ እንደሆነ ነገረኝ። ዐሥሩን ዛፎች አይቶ ፊቱን አጨፈገገ። «ይሄ ምንድን ነው ጋሽ ደምሴ? እንግዳ እየመጣ?» አለ። ስለ ጥናቱ አስረዳሁት። «ገባኝ። ለእንግዶቹ ግን ማን ያስረዳል?» ብሎ ሄደ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። የሰው ፊት አሸነፈኝ። ጉብኝቱ ነገ ሊሆን በዋዜማው ጠዋት ገጀራዬን ይዤ ወረድኩ። ዐሥሩንም አጸዳኋቸው። ሣሩን መነጠርኩ፤ የጠቆረውን ፍሬ አንድ ሳላስቀር ለቅሜ ቀበርኩ። እጄ ሥራውን ስለሚያውቀው ደስ እያለው ሠራ፤ ይህንንም አልደብቅም። አንዱ ቀይ ክር ቢፈታብኝ መልሼ በጥንቃቄ አሰርኩት። ያን ክር ሳስር ነው ስህተት ሳይሆን ጥፋት እየሠራሁ እንደሆነ የገባኝ። ስህተት የሚሠራ ሰው ክር መልሶ አያስርም።

ጉብኝቱ አማረ። አጨበጨቡልኝ።

ታደለች ስትመለስ ሣሩ እንደገና ጉልበት ደርሶ ነበር። ግንዱን አንኳኳች፤ ቆጠረች፤ ቆም አለች፤ እንደገና ቆጠረች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ፍሬው በጣም ቀንሷል። ነፋስ ነበር?»

«ነበር» አልኩ።

ነፋስ በእርግጥ ነበር። ሐምሌ መግቢያ ላይ ትልቅ ዛፍ የጣለ ነፋስ ነፍሷል። ስለዚህ አልዋሸሁም አልኩ ለራሴ። በዚያው ሳምንት ልጄን ሰላምን፣ ገበያ ውላ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ስላለችኝ ሁለት ቀን አኩርፌያት ነበር። «ቤተ ክርስቲያንም እኮ ሄጃለሁ፤ በደጁ አልፌ» ስትለኝ «ግማሽ እውነት ሙሉ ውሸት ነው» ብያታለሁ። ይህን የምጽፈው እንድትስቁብኝ ነው።

ደብተሯን ስትገልጥ አየሁት። የቀረችባቸው የሁለቱ ተራዎች መስመር ባዶ ነበር።

«ይሄንን ለምን አትሞዪውም? ከፊቱ ያለውንና ከኋላው ያለውን አይተሽ መሐሉን መገመት ነው» አልኳት።

«ያላየሁትን አልጽፍም።»

«ባዶ ገጽ ይዘሽ ልትቀርቢ ነው?»

«ባዶውም ይናገራል። 'ታደለች እነዚህ ቀኖች አልነበረችም' ይላል።» ክዳኑን ከንፈሯ ላይ ጫነች። እየሳቀች አልነበረም። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ነሐሴ አለፈ። መስከረም ላይ የመጨረሻውን ቆጥራ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሥራ ቀን መጣች፤ እንዲያ አድርጋ አታውቅም። ጽሑፏን ለአማካሪዋ የምታስረክብበት ቀን ተቃርቧል። በዚያ ዓመት ካልጨረሰች ሌላ ዓመት መመዝገብ፣ ሌላ ዓመት መመላለስ አለባት፤ የማስተማር ጭነቷ ደግሞ አይቀንስም። ቦቲዋን እንኳ ሳታወልቅ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ደምሴ፣ እንዳይቀየሙኝ ቀድሜ ልነግርዎ ብዬ ነው የመጣሁት። ደማምሬ ጨረስኩ። በነጩና በቀዩ መሐል ልዩነት የለም።»

«ምን ማለት ነው?»

«የጠቆረውን ፍሬ መልቀም፣ ሥሩን ማጽዳት... ቁጥሩ አይጠቅምም ነው የሚለው። ልፋቱ ከንቱ ነው ይላል።»

«እንዲህ ብለሽ ልትጽፊ?»

«ያየሁት ይሄን ነው። ገበሬውም በከንቱ እንዳይደክም ማወቅ አለበት። ሽፈራው ልክ ነበሩ ማለት ነው» ብላ ልትስቅ ሞከረች።

በሕይወቴ ሙሉ አንድ ነገር ሰብኬአለሁ፤ ሥራ። አሁን በእኔው እጅ፣ ከእኔው ማሳ፣ ሥራ ከንቱ ነው የሚል ወረቀት ሊወጣ ነው። ያውም የሚወጣው ሰንፌ ሳይሆን በማይገባኝ ቦታ ስለሠራሁ። ወርቄ ጓዳ ነበረች። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀቴ በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል።

«ቀዮቹን አጽድቻቸዋለሁ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ሰኔ ላይ። ሁሉንም። አንቺ ሳትኖሪ። እንግዳ ሊመጣ ነበር።»

ቀስ ብላ «ነፋሱስ?» አለች።

«ነፋሱም ነበር።»

ወርቄ ከጓዳ ወጥታ ራሷን ያዘች። «አንተ ሰው! ልጅቷን ገደልካት እኮ!» አለች። ታደለች አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወጥታ ወደ ማሳው ወረደች፤ እኔም በሩቁ ተከተልኳት። ከቀይ ክሮቹ በአንዱ ሥር እርጥብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አይቼው የማላውቀውን አደረገች፤ ቢጫውን ፌስታል ከፈተች። ዛፍ ሥር።

አንድ የተማሪ ወረቀት አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄ ልጅ» አለች ሳታየኝ፣ «ላቦራቶሪ ሳይገባ ውጤት ጽፎ አመጣ። ያምር ነበር ውጤቱ። ዜሮ ሰጠሁት። ቢሮዬ መጥቶ አለቀሰ፤ 'ቲቸር፣ ጊዜ አጥቼ ነው፣ አራት ፈተና ነበረብኝ' አለ። እኔ ምን አልኩት መሰለዎት? 'ጊዜ ካጣህ ባዶ ትተወው ነበር' አልኩት።»

እኔም ያን ጊዜ የምጸጸትበትን ነገር ተናገርኩ። «ልጄ፣ ይህን የማውቀው እኔና አንቺ ነን። ይጠቅማል ብለሽ ጻፊው። እውነቱም እሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ለዚያ ልጅ ዜሮ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ለእኔ ማን ይሰጠኛል?»

ወረቀቱን መልሳ ፌስታሉ ውስጥ ከተተች። ሰማያዊውን ከፈተችና ደብተሩን ገልጣ የዚያን ክረምት ገጾች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በአንድ በአንድ መስመር ሰረዘቻቸው። አልቀደደቻቸውም። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ቀኑንና ምክንያቱን ጻፈች። ስትጨርስ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«ጋሽ ደምሴ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይተዉልኛል?»

ሌላ ማሳ ትፈልጋለች ብዬ ነበር። ማንም እኔን ከዚያ በኋላ አያምንም ነበር። «ለምን ወደ ሌላ ሰው አትሄጂም?» አልኳት።

«ሌላው ሰው ቢያጸዳው አይነግረኝም» አለች።

ሁለተኛው ዓመት የቅጣቴ ዓመት ነው፤ የእሷም ነበር፤ ያለ ጥፋቷ። ጅማ መመላለሱ ቀጠለ። ኮርሱን ብትጨርስም አማካሪዋ ዘንድ መቅረብ ነበረባት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ጨምሮ ስለነበር ቢጫው ፌስታል ሁለት ሆነ። ከሳች። አንድም ተራ ግን አልቀረችም። ወርቄ እንዴት እንደቻለች ስትጠይቃት «እንቅልፍን አራተኛ ፌስታል አድርጌ ቤት ትቼው ወጣሁ» አለቻት።

እኔ ደግሞ ሣሩን ተውኩት። ሽፈራው ሲስቅ ተውኩት። ልማት ሠራተኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ አስጠነቀቀኝ፤ በሦስተኛው ጊዜ ጉብኝቱ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ተዛወረ፤ የሞዴልነት ስሙም አብሮ ሄደ። ታደለች ይህን ስትሰማ ቀበሌ ድረስ ሄዳ ላስረዳ አለች። አልፈቀድኩላትም። እውነቱን ለመናገር ጽድቅ ብቻ አልነበረም፤ እሷ ስታስረዳ ያለፈው ዓመት ጉዳይ አብሮ ይወጣል ብዬም ፈርቼ ነበር። ሰው በአንድ ጊዜ አይነጻም።

መስከረም ላይ ደማምራ መጣች።

«ይጠቅማል» አለች።

«አላልኩሽም!»

«ይቆዩ። እርስዎ እንደሚሉት ያህል አይደለም። ይረዳል፤ ብቻውን ግን አያድንም። ጥላውም፣ የቡናው ዝርያም ይወስነዋል።»

«ሠላሳ ዓመት ስለፋ...»

«ጋሽ ደምሴ» አለች፤ ክዳኑ ከንፈሯ ላይ ነው፤ ዓይኗ ይስቃል። «ያላየሁትን አልጽፍም።»

ተጠርዞ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ይዛልን መጣች። በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ አልቻልኩም። ምስጋናው ያለበትን ገጽ ከፍታ ስሜን አሳየችኝ፤ በባዕድ ፊደልም ስሜን አወቅኩት። ሌላ ገጽ ከፍታ ደግሞ በአማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፤ «የመጀመሪያው ዓመት ቆጠራ ጥቅም ላይ አልዋለም፤ የማሳው ባለቤት ዛፎቹን ማጽዳታቸውን ራሳቸው ስለተናገሩ።»

«እዚህ ጋ ስሜ የለም» አልኳት።

«የለም።»

«ምስጋናው ላይ ደምሴ ካልሽ ጥፋቱ ላይ የማትይው ለምንድን ነው? ሁለቱም አንድ ሰው ነው።»

«ጋሽ ደምሴ፣ አሁን? ተጠርዟል እኮ!» አለች፤ ወርቄም እሷም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

ከዚያ በኋላም በዓል ሲሆን ትመጣ ነበር፤ አሁን በአንድ ፌስታል፣ ለወርቄ ስኳር ይዛ። ልጄ ሰላምም የእሷ ተማሪ ሆነች፤ አንድ ጊዜም ዝቅተኛ ውጤት ሰጥታታለች። እኔ አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ ነሽ» አላልኳትም። ማመስገን ሰውን ያበላሻል ብዬ አምን ነበር። ሕመሟ አጭር ነበር፤ መታመሟን የሰማነው ከመሞቷ አንድ ሳምንት በፊት ብቻ ነው።

ቀብሯ ላይ ዝም ያልኩበት ምክንያት ይኸው ነው። «በጊዜው» የሚለው ቃል ለእሷ ክብር ነበር፤ ለእኔ ግን መሸሸጊያ። የጎደለውን ሌላ ሰው ሞልቶልኝ ነበርና ተመቸኝ።

ለአርባዋ ተመልሼ ጌጫ ወጣሁ። አባቷን አቶ ገብሬን፣ እንሰት ከከበበው ቤታቸው ፊት ለብቻ አገኘኋቸው። አማርኛቸው አጭር ነው፤ ትርፍ ቃል የለውም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ክሩን፣ ገጀራውን፣ ነፋሱን፣ አንዱን ዓመት።

«እናውቃለን» አሉ።

«ነግራችሁ ነበር?»

«ያን ዓመት ነግራናለች። 'አባ፣ አንድ ሰው ሥራዬን አበላሸ' አለች። እናቷ ተራገመች። እሷ 'አትራገሚ፤ መጥቶ ነግሮኛል' አለች።» መሬቱን በዘንጋቸው ጫሩት። «ስሙን ጠየቅናት። አልነገረችንም። አንተ ነህ ማለት ነው።»

«እኔ ነኝ።»

ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወጡ። ቀብሯ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። «እኔ ማንበብ አላውቅም» አሉ። «ትክክል ካልሆነ አስተካክለው። እሷ ትክክል ያልሆነ ነገር አትወድም ነበር።»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። «በጊዜው» የሚለውን ቃል እሷ እንደምትሰርዘው፣ እንዲነበብ ትቼ፣ በአንድ መስመር ሰረዝኩ። በላዩ «አንድ ዓመት ዘግይታ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱንም ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለው ቦታ አልበቃኝም።

ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።